ጎማ የለበሰ ፊት

ጎሕ ሳይቀድ፣ የሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች ገና ጭር ባሉበት ሰዓት፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ዕድሜው አርባዎቹን የጀመረ አንድ ተዋናይ ወደ ፓራማውንት ስቱዲዮ ገብቶ ከመስታወት ፊት ይቀመጣል። ከወንበሩ ጎን ከስፖንጅ ጎማ የተሠራ ትልቅ ራስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጆሮዎቹ ከሰው መዳፍ የሚሰፉ፣ ግንባሩ ለሁለት የተከፈለ፣ አፍንጫው የተሸበሸበ ራስ ነው። የሜካፕ ባለሙያዎች ይህን ራስ ያጠልቁለታል፤ ጠርዙን በሙጫ ከቆዳው ጋር ያጣብቁታል፤ ቀለም ደራርበው ይቀቡታል፤ በመጨረሻም የሾሉና የተወላገዱ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ያቀብሉታል። ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጀው ይህ ሥራ ሲያበቃ ከመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ የሚመለከተው ቅድም የተቀመጠው ሰው አይደለም፤ ኳርክ የሚባል የሌላ ዓለም ፍጡር ነው። ከሰውየው የተረፈ ነገር ቢኖር ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው።

ተዋናዩ አርሚን ሺመርማን ይባላል። «ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1999፣ ይህንኑ ራስ ሲያጠልቅና ሲያወልቅ ኖሯል። ስፖንጅ ጎማው ጠርዙ እጅግ ስስ በመሆኑ ከቆዳ ላይ ሲላቀቅ ስለሚበላሽ፣ ለነገው ቀረጻ ሌላ አዲስ ይዘጋጃል። ፊቱ በየቀኑ የሚጣል ተዋናይ ማለት ነው።

የአሜሪካ ቴሌቪዥን በከዋክብቱ ስም ይነገር እንጂ ሥራውን ተሸክመው የኖሩት ስማቸው ከማስታወቂያው አናት ላይ የማይወጣ ተዋንያን ናቸው። ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ቀማኛ፣ ከነገ ወዲያ ሆቴል ቤት በር ላይ ቆሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር የሚናገር ዘበኛ ይሆናሉ። ሥራ ሲገኝ ይሠራሉ፤ ሲጠፋ ለመጠየቅ ይሰለፋሉ። የሕዋ ድራማ በተስፋፋ ጊዜ ለእነዚህ ሰዎች አዲስ የእንጀራ በር ተከፈተላቸው፤ በሩ ግን ፊትን ከደጅ አስቀምጠው የሚገቡበት ነበር። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ማርክ ሌናርድ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 በመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» የሮሙላኖችን የጦር መርከብ አዛዥ፣ በ1967 ቩልካናዊውን አምባሳደር ሳሬክን፣ በ1979 ደግሞ በሲኒማ ፊልሙ የክሊንጎን መርከብ አዛዥ ሆኖ ተጫውቷል። በሦስት ዓለማት ዜግነት ያገኘ ሰው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሺመርማን ታሪክ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ሥራውን በውድቀት በመጀመሩ ነው። ይባስ ብሎም የወደቀው አንድን ገጸ ባሕርይ ብቻ ይዞ ሳይሆን አንድን ዘር በሙሉ አስከትሎ ነው።

ሺመርማን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1949 በኒው ጀርዚ ግዛት፣ ሌክዉድ በተባለች ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣው በጉርምስናው ዘመን ነው። እናቱ ልጃቸው በአዲሱ ከተማ ጓደኛ ያገኝ እንደሆነ በማለት ከአንድ የድራማ ቡድን ጋር ቀላቀሉት። ጓደኛ ፍለጋ የተገባበት በር የዕድሜ ልክ ሙያ ሆነ። ከሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከወጣ በኋላ በሳን ዲየጎው ኦልድ ግሎብ ቴአትር ቤት በሼክስፒር ሥራዎች ላይ ተለማማጅ ተዋናይ ሆነ። ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በ1970ዎቹ በብሮድዌይ መድረክ ላይ በብሬኽት «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» እና በበርናርድ ሾው «ቅድስት ጆን» ውስጥ ሠርቷል። በእነዚህ ሁሉ ዋና ተዋናይ አልነበረም፤ ከኋላ ረድፍ ሆኖ መድረኩን ከሚሞሉት አንዱ ነበር። ይሁንና ከኋላ ረድፍ የቆመ ተዋናይ ከፊት ያለው የማያየውን ያያል። ብሬኽትንና ሼክስፒርን በዚህ መንገድ የተማረ ሰው በኋላ የጎማ ራስ ቢያጠልቁለት ቋንቋውን እንደማይረሳ ይጠበቃል። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ረሳው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለተኛው «ስታር ትሬክ» ሲጀመር ደራስያኑ ለድራማው አዲስ ጠላት ፈለጉ። የድሮዎቹ ጠላቶች ክሊንጎኖች አሁን ታርቀዋል፤ ስለዚህ ተመልካቹን የሚያስፈራ ሌላ ዘር ተፈጠረ። የዘሩ ስም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ «ፌሬንጊ» ይባላል። ቃሉ የእኛው «ፈረንጅ» ነው። በመስቀል ጦርነት ዘመን ዐረቦች ከምዕራብ ለመጡት ፍራንኮች የሰጡት ስም በፋርስ፣ በህንድና በሐበሻ አገር ሲዞር ኖሮ፣ ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ነጭ ነጋዴና ወታደር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ሆሊዉድ ከትርፍ በቀር ሌላ አምልኮ የሌላቸውን፣ በኋላም 285 የንግድ ሕግጋትን እንደ ዳዊት የሚደግሙትን ፍጡራን ሲቀርጽ ይህን የምሥራቅ ቃል አወጣላቸው። ምሥራቁ ለአውሮፓው ነጋዴ የሰጠውን ስም የነጋዴው የልጅ ልጆች አንሥተው በሕዋ ፍጡር ላይ ለጠፉት። ያሰቡበት ከሆነ ራስን መታዘብ ነው፤ ያላሰቡበት ከሆነም ታሪክ ራሷ ታዝባቸዋለች።

ፌሬንጊዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 «የመጨረሻው የጥበቃ ኬላ» በተባለው ክፍል ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱ፣ ሌቴክ የተባለው፣ ሺመርማን ነበር። አሳባቸው ማስፈራራት ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጠጉር የተደረበበት ልብስ ለብሰው፣ ጅራፍ ይዘው፣ አጎንብሰው ይዘላሉ፤ ያፏጫሉ፤ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። የተመለከተ ሁሉ ሳቀ። ጠላት ሊሆን የታጨ ዘር በአንድ ምሽት መሳቂያ ሆነ፤ ደራስያኑም ሌላ ጠላት ፍለጋ ሄዱ።

ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ልብሱን ተዋናዩ አልሰፋው፤ ቃሉን እሱ አልጻፈው፤ ዝለል ካሉት ይዘላል። ብዙ ተዋንያን በዚህ ምክንያት ራሳቸውን ነጻ ያወጣሉ፤ ሕጋዊም ነው። ሺመርማን ግን ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ በአደባባይ እንደተናገረው ጥፋቱን በራሱ ላይ ቆጠረው። ፌሬንጊዎች መሳቂያ የሆኑት እኔ በደካማ ሁኔታ ስለተጫወትኩ ነው የሚል አሳብ አደረበት። ይህ ከልክ ያለፈ ወቀሳ ሊመስል ይችላል፤ ነውም። ነገር ግን የተዋናይ ኅሊና የሚባለው ነገር መኖሩ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ከልክ ያለፈ ወቀሳ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እንጀራው በየቦታው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1990 «ውቢቷና አውሬው» በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ ፓስካል የተባለውን፣ ከኒው ዮርክ ከተማ ሥር በሚኖሩት ሰዎች መካከል የውኃ ቧንቧ እየመታ መልእክት የሚያስተላልፈውን ሰው ሆኖ ይመላለስ ነበር። አንድ ጊዜም በዚያው በ«ስታር ትሬክ» ውስጥ ከስጦታ ሣጥን ላይ የሚናገር የብረት ፊት ሆኗል። ሰውነት የለውም፤ ወንበር የለውም፤ ስሙም አልተጻፈለትም። ለተዋናይ ከዚህ ያነሰ ሚና ማሰብ ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1993 «ዲፕ ስፔስ ናይን» ሲጀመር ፌሬንጊዎች በሁለተኛ ዕድል ተመለሱ። በሕዋ ጣቢያው ውስጥ መሸታ ቤት ያለው ኳርክ የሚባል ፌሬንጊ ያስፈልግ ነበር። ሺመርማን ሚናውን ሲያገኝ ከሥራና ከደመወዝ ያለፈ ነገር እንዳገኘ ገብቶታል። ያበላሸውን ራሱ እንዲያርም ተፈቀደለት።

እንዴት አረመው? ይህ ነው ለባለሙያው ጠቃሚው ጥያቄ።

አንደኛው መልስ በጥናት ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን አንድ ክፍል በሰባት ወይም በስምንት ቀን ተቀርጾ ስለሚያልቅ ለጥናት የሚተርፍ ጊዜ የለም፤ ተዋናይ ቃሉን ቤቱ ሸምድዶ ይመጣል፤ ካሜራው ይነሣል፤ ይቀረጻል። ሺመርማን ግን የቴአትር ቤት ልጅ ነው። የፌሬንጊዎች ታሪክ የሚቀረጽበት ሳምንት ሲደርስ በዕረፍት ቀን ጓደኞቹን፣ ወንድሙን ሮምን የሚጫወተውን ማክስ ግሮደንቺክን፣ የሮምን ልጅ ኖግን የሚጫወተውን ኤረን አይዘንበርግንና ሌሎችንም፣ እሱና ባለቤቱ ተዋናይት ኪቲ ስዊንክ ወደሚኖሩበት ቤት ይጠራቸው ነበር። እዚያም እንደ አንድ የቴአትር ጓድ ተቀምጠው ያጠናሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም። በቴሌቪዥን መስኮት የሚታየው የወንድማማቾች ጠብና ፍቅር ከቤተሰብ የወጣ የሚመስለው ከአንድ ቤት ስለወጣ ነው።

ሁለተኛው መልስ ዓይን ነው። ጎማ ለፊት ጡንቻ አይታዘዝም። ቅንድብ አይነሣም፤ ግንባር አይቋጠርም፤ ስውር ፈገግታ ከጎማው ሥር ተዳፍኖ ይቀራል። ያልበሰለ ተዋናይ ይህን ሲያውቅ ድምፁንና እጁን ያገዝፋል፤ በ1987 የሆነውም ይኸው ነበር። ኳርክ ግን በሚያዳምጥበት ጊዜ ዝም ይላል። ሰው ሲያታልል ዓይኑ ይስቃል፤ ሲዋረድ ዓይኑ ቀድሞ ይሸሻል። ጎማው እንዲናገር አላስገደደውም፤ እንዲቆም ብቻ አደረገው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ትልቅ አፍንጫ፣ የጎበጠ ትከሻ፣ ወርቅ ሲያይ የሚንቀጠቀጥ እጅ፦ ይህ ምስል በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት አይሁዶች የተሰደቡበት ምስል ነው። ደራስያኑ በዘመናቸው የነበረውን የትርፍ አምላኪ ሰው ሊቀልዱበት ቢያስቡም፣ ተመልካቾች የቆየውን ስድብ አይተውበታል፤ ለማየትም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ጭምብሉን የለበሰው ደግሞ አይሁዳዊ ነው። ሺመርማን ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ብልህ ነው። በአሜሪካ ፌሬንጊዎች አይሁዶች ናቸው ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ በእንግሊዝ አየርላንዳውያን ናቸው ወይ ይሉኛል፤ በአውስትራሊያ ቻይናውያን ናቸው ወይ ይሉኛል ብሏል። ፌሬንጊ በየአገሩ ከመካከላችን እየኖረ ያልተረዳነው፣ የተገለለው ሰው ነው ማለቱ ነው። መልሱ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። የምስሉ አባት ማን እንደሆነ አሁንም ይታወቃል። ሆኖም መልሱ የተዋናዩን የሥራ አቅጣጫ ያሳያል፤ ስድብ ሆኖ የተሰጠውን ፊት ከውስጡ ሆኖ ሰው ሊያደርገው ቆርጧል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የቀረበ አንድ ክፍል አለ። ኳርክና የጣቢያው አዛዥ ሲስኮ አብረው በምርኮ ተይዘዋል። ሲስኮን የሚጫወተው ጥቁር አሜሪካዊው ኤቭሪ ብሩክስ ነው። አዛዡ የፌሬንጊውን ስግብግብነት ይንቃል፤ ንቀቱንም አይደብቅም። ፌሬንጊው ይታገሣል፤ ከዚያ ግን ይነሣና ይናገራል። ሰዎች ፌሬንጊዎችን የምትጠሉት የጥንቱን ራሳችሁን ስለምናስታውሳችሁ ነው፤ ነገር ግን እኛ እናንተ እንደነበራችሁት አይደለንም፤ በታሪካችን ባርነት የለም፤ የማጎሪያ ካምፕ የለም፤ ስለዚህ ከእናንተ እንሻላለን ይለዋል። ይህን የሚናገረው በጎማው ሥር ያለ አይሁዳዊ፣ የሚያዳምጠውም የባሪያ ልጅ ልጅ የሆነ ሕዝብ ተወላጅ ነው። የፍጡሩ ስም ደግሞ ፈረንጅ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ትዕይንት ላይ እንዲገናኝ ማንም አቅዶት አይመስልም። ሺመርማን ቃሉን የተናገረው ሳይጮኽ ነው። ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ እየዘለለ በተናገረው ነበር።

ሌላው ሊነሣ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1996 የቀረበው የሥራ ማቆም አድማ ታሪክ ነው። የኳርክ ወንድም ሮም ጆሮው እየታመመ ዕረፍት ተከልክሎ ሲያገለግል ቆይቶ፣ የመሸታ ቤቱን አስተናጋጆች አሰባስቦ የሠራተኛ ማኅበር ያቋቁማል። ከኮሙኒስት ማኒፌስቶም ቃል ይጠቅሳል፤ ኳርክም ይደነግጣል። በአሜሪካ የመዝናኛ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት የተለመደ አይደለም። ዋናው ምጸት ግን ከጽሑፉ ውጪ ነው፦ አሠሪውን ኳርክን የሚጫወተው ሺመርማን በእውነተኛው ኑሮው የፊልም ተዋንያን ሠራተኛ ማኅበር ንቁ አባል ከመሆኑም በላይ በማኅበሩ የአመራር ቦርድ ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። እንግዲህ አድማ ሰባሪውን አሠሪ ሲጫወት ሊያጣጥለው፣ እንደ ካርቱን ሊሥለው ይችል ነበር። አላደረገውም። ኳርክ በጌቶቹ ሰዎች ከተደበደበ በኋላ ከወንድሙ ጋር የሚስማማበትን ስፍራ የተመለከተ፣ አሠሪው ራሱ ከላይ ባሉት የሚፈራ ምስኪን መሆኑን ይረዳል። ጥያቄያችሁን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ማኅበራችሁን ግን ለይምሰል አፍርሱልኝ ይላል። ከጠላት ወገን ያለውን ሰው እንዲህ አድርጎ መጫወት ከመፈክር ይበልጣል።

ሁሉም ሥራው በዚህ ደረጃ ላይ ነበር ማለት አይደለም። ሰባት ዓመት የሚሮጥ ድራማ ቀላል ሳቅ መፈለጉ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1998 ኳርክ ሴት መስሎ የሚቀርብበትን ክፍል የድራማው ወዳጆች እንኳ ሊያስታውሱት አይወዱም። ነገር ግን በዚያው ዓመት የቀረበ ሌላ ክፍል ያን ያካክሳል። በጦር ግንባር ላይ እግሩን ያጣውን የወንድሙን ልጅ ኖግን ኳርክ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ጠላት በበሩ ሲገባ፣ ዕድሜ ልኩን ከጠብ ሲሸሽ የኖረው ያ መሸተኛ ነጋዴ አንሥቶ ይተኩሳል። ከዚያ በኋላ በዓይኖቹ ውስጥ የሚታየው የጀግና ኩራት አይደለም።

ስለ ሽልማት መናገር ካስፈለገ፦ የድራማው የሜካፕ ሥራ የኤሚ ሽልማት አግኝቷል፤ የሚገባውም ነበር። ከጎማው በታች ከነበሩት ተዋንያን ግን አንዱም በትወና ለዚህ ሽልማት በዕጩነት አልቀረበም። ፊቱ ተሸለመ፤ ፊቱን ያንቀሳቀሰው ሰው አልታየም።

ሺመርማን ለገዛ ፊቱ የሚሆን ሥራ ያገኘው በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 ነው። «ባፊ» በተባለው ድራማ ውስጥ ልጆችን የሚጠላ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ኳርክ፣ ሌላ ቀን ዳይሬክተር ስናይደር ይሆናል። ዳይሬክተሩ በ1999 በግዙፍ እባብ ተውጦ ሞተ። በሁለቱ መካከልም እ.ኤ.አ. በ1997 «ስታርጌት» በተባለ ሌላ ድራማ ውስጥ በጫካ የሚኖር ሰላማዊ የሌላ ዓለም ፍጡር ሆነ።

ከ1999 በኋላ ጎማው ወለቀ። ሺመርማን ወደ መነሻው ተመለሰ፦ በሎስ አንጀለስ ቴአትር ቤቶች የሼክስፒርን ሥራዎች ተጫውቷል፤ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ለተማሪዎች ሼክስፒርን አስተምሯል። በእንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ዲ ሕይወት ላይ የተመሠረቱ ልቦለዶችም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ «ባዮሾክ» በተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ከባሕር ሥር ከተማ የቆረቆረውን ሰው ድምፅ ሆነ። ትርፍ አምላኪው እንደገና መጣ፤ የአሁኑ ግን ያለ ምንም ምሕረት የሚናገር ሰው ነው፤ የኳርክ ዓይን የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2022፣ ድራማው ካበቃ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ስቱዲዮው ለአንድ የካርቱን ክፍል ኳርክን እንደገና ፈለገው። ሺመርማን ዕድሜው ሰባ ዓመት አልፏል። ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አላስፈለገውም፤ ሙጫም፣ የጎማ ራስም አልተዘጋጀም። ፊቱን ሠዓሊዎች ሣሉት። እሱ ከማይክሮፎን ፊት ቀርቦ ተናገረ፤ ያ የመሸታ ቤት ባለቤትም እንደገና ደንበኞቹን ማታለል ጀመረ።